ሳልቆጥር የጻፍኩት የልብ ምት

ይህ የሆነ ነገር ነው።

አውቃለሁ። ሚዛን ተፈሪ መጥታችሁ ስለ እኔ ብትጠይቁ "አሞጽ? እሱ ደግሞ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል?" የማይላችሁ የለም። ዝንጀሮ ባጃጅ ስትነዳ አየሁ ብዬ ግማሽ ሰፈር መንገድ ዳር አሰልፌ አውቃለሁ። ዓሣ ዘነበ ብዬ ባልዲ ያስያዝኳቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ይሄኛው ግን እውነት ነው። እኛ ቤት መማል ክልክል ነው። እኔ ግን እምላለሁ።

ቀኑ አርብ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ጨለማ የለም። ጅብ አልጮኸም። ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ።

በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምሥራች ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ሦስት ነበረች። ትምህርቷን ተወችና ቡና መጋዘን ገባች። ሥራዋ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው መልቀም ነው። እኔን ለማስተማር ብላ ጀርባዋ ጎበጠ። እኔ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተውኩት።

አንድ ቀን አልተቆጣችኝም። "አንተ እንደሆነ ሳትማርም ሰው ማታለል አያቅትህም" ብላ ሳቀች።

ልጅ እያለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። ያ በሽታ ውሎ አድሮ ልቧን ያዘው። አቀበት ስትወጣ መሐል ላይ ትቆማለች። ቁልቁለቱን የምታደንቅ መስላ ዞር ብላ ትተነፍሳለች። ሰው እንዳያውቅባት።

ታላቅ ወንድማችን ከፈለኝ ጁባ ሄዶ ከቀረ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ስለዚህ እኔ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ይህን ያዙልኝ።

ባለፈው ዓመት ሕዝቅያስ የሚባል ዶክተር መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ አሮጌ መጋዘን ተከራየ። አጸዳው፣ ነጭ ቀለም ቀባው፣ ጀነሬተር አስገባ። ልባቸውን ከሚያማቸው ሰዎች ትንሽ ደም ይወስዳል።

ከደሙ ልብ ያበቅላል።

አዎ፣ ያበቅላል። እንደ ቡና ችግኝ።

"ሚዛን ውስጥ?" ትሉኛላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ገብቼ እስካይ ድረስ።

አራት የመስታወት ሳህኖች አሉ። የጫጩት ማስፈልፈያ የሚመስል ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ ሳህን ቀላ ያለ ውኃ አለ። በውኃው ውስጥ ከኮረሪማ ፍሬ የማትበልጥ ነጣ ያለች ሥጋ አለች። በዓይን ስታያት ምንም አይደለችም። በማይክሮስኮፕ ስታያት ግን...

ትመታለች።

ደም የላት፣ ሰው የላት። ብቻዋን ኩምትር፣ ዘርጋ። ኩምትር፣ ዘርጋ።

አራት ቁጥር ሳህን የእህቴ ነበረች።

"መድኃኒቱን ቀድመን አንቺ ላይ አንሞክርም" አላት ዶክተሩ። "እሷ ላይ ነው የምንሞክረው። ሦስት ሳምንት አመታቷን እንከታተላለን። የሚስማማሽን ለይተን ካወቅን አንቺን ማከም እንጀምራለን።"

የምሥራች ሳህኗን ትክ ብላ አየቻትና "ይቺ ከእኔ ትሻላለች፤ አቀበት የለባት" አለች።

የሦስቱን ሳህኖች ምት ካሜራ ይቆጥራል። የአራት ቁጥር ካሜራ ተበላሽቶ ነበር። ዶክተሩ ዞር ሲል እህቴን አጅቤ የመጣሁት እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ።

"መቁጠር ትችላለህ?"

"እስከ ስንት ድረስ?"

ዶክተሩ አልሳቀም። እንዲህ ነው የተቀጠርኩት።

ሥራው ቀላል ነው። አንድ ትልቅ፣ አዲስ መዝገብ አለ፣ ሃምሳ ገጽ። አንድ ገጽ ለአንድ ሳምንት። ከሰኞ እስከ አርብ፣ በቀን ሦስት መስመር ታትሞበታል፦ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት። በማይክሮስኮፑ አይተህ የአንድ ደቂቃ ምት ትቆጥርና በስክሪብቶ ትጽፋለህ። ቅዳሜና እሑድ ፎርሙ ላይ የሉም።

የመጨረሻው አርብ አሥር ሰዓት ላይ ዜሮ ይጻፋል። ምክንያቱም ጥናቱ ሲያልቅ ዶክተሩ ሳህኗ ውስጥ የሆነ ፈሳሽ ጠብ አድርጎ ሥጋዋን ያቆማታል። ደንብ ነው። ከእህቴ በፊት አሥራ አንድ ሳህኖች በዜሮ አልቀዋል። ባለቤቶቻቸው ደህና ናቸው። አንዷን ትናንት ገበያ አይቻታለሁ።

ስለዚህ ዜሮው አላስፈራኝም።

ሁለት ሳምንት በሥርዓት ቆጠርኩ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ታምኜ አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ዶክተሩ ለአራት ቀን አዲስ አበባ ሄደ።

እሱ ከመውጣቱ ሰይፈዲን ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ ጥሩምባውን ያንባርቀው ጀመር። ሰይፈዲን የልብ ጓደኛዬ ነው። ቱም ከተማ ላይ የአክስቱ ልጅ ሠርግ አለ።

"አንተ! ሙሽራዋ ሳትወልድ እንድረስ!"

"መጣሁ! ሥራ ልጨርስ!"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ሥራ ያለህ?"

ሥራዬን በአምስት ደቂቃ ጨረስኩት። የሳምንቱን በሙሉ ሞላሁት።

አትፍረዱብኝ። ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፈውን የሙቀት መከታተያ ወረቀት ታውቁታላችሁ? በቀን ሁለቴ እየታየ የሚሞላውን? ሰኞ ጠዋት የወሩን ሞልቶ ሻይ የሚጠጣ ሰው አውቃለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። በእኛ አገር ወረቀት ከሥራው ይቀድማል። እኔ አልጀመርኩትም።

ግን ቁጥሩ እውነት መምሰል አለበት። ስልኬን ከፈትኩና የሰዎችን ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዝ እየገለበጥኩ ጻፍኩ። የልብስ ሰፊው፣ 73። የፓስተሩ፣ 54። የአንዲት ስልክ የማታነሳልኝ ልጅ፣ 61።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ስደርስ ሰለቸኝ። ዶክተሩን ትንሽ ላስደንግጠው ብዬ 118 ጻፍኩ። ብቻዬን ሳቅሁ።

የመጨረሻው መስመር፣ አርብ፣ አሥር ሰዓት።

ደንቡ ነው ብዬ ዜሮ ጻፍኩ። ቆንጆ፣ ክብ ዜሮ።

ክፍሉን ቆልፌ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ተመለስኩ። ከሠርጉ የተረፈኝ ራስ ምታት ብቻ ነው። ዶክተሩ ማታ ይገባል። እስቲ ልየው ብዬ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ሦስት ሰዓት ነበር። ቆጠርኩ።

ሃምሳ አራት።

መዝገቡን አየሁ። 54። የፓስተሩ ስልክ።

"ጌታ ይባርክዎ ፓስተር" ብዬ ሳቅሁ። ገጠመኝ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ደግሜ ቆጠርኩ።

ሰባ ሦስት።

መዝገቡ ላይ 73።

አልሳቅሁም። ዓይኔን አሸሁና ደግሜ ቆጠርኩ። ሰባ ሦስት። ሥጋዋ ኩምትር ትላለች፣ ትዘረጋለች። ልክ በልብስ ሰፊው ስልክ ቁጥር...

ክፍሉ ይሞቃል። እኔን ግን በረደኝ።

ምሳ ሰዓት ስለሆነ ወደ ቡና መጋዘኑ ሮጥኩ። የምሥራች ከሴቶቹ ጋር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትበላለች።

"መጣህ? ሙሽራዋን አስለቀስካት?"

"እትዬ፣ ደህና ነሽ?"

"አሁን ደህና ነኝ። ማክሰኞ ነበር ልትቀብሩኝ የደረሳችሁት።"

"ማክሰኞ ምን ሆንሽ?"

"እንጃ። ቁጭ ብዬ እየለቀምኩ፣ ቀትር ላይ፣ ደረቴ ውስጥ ፈረስ ጋለበ። ወደቅሁ። እነዚህ ደግሞ ባልዲ ሙሉ ውኃ ደፉብኝ። ተቆጣጣሪው እኔን ትቶ 'ቡናው ራሰ!' ብሎ ጮኸ።" ሳቀች። "በኋላ ተረጋጋ።"

"ቀትር... ስንት ሰዓት ላይ?"

"የምሳ ደወል ሲደወል። ስድስት ሰዓት ነዋ።"

118...



"አሞጼ? ምነው?"

"ምንም።"

እስከ አሥር ሰዓት ከመጋዘኑ አልራቅሁም። አሥር ሲል አንጓዋን ያዝኩ። ስልኬን አይቼ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሴቶቹ "ዶክተር አሞጽ" እያሉ ይስቁብኛል።

ስድሳ አንድ።

ያቺ ስልክ የማታነሳልኝ ልጅ።

ከዚያ ነው የመጨረሻው መስመር ትዝ ያለኝ።

አርብ። አሥር ሰዓት። ዜሮ።

ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አልነግራችሁም። አርብ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ላቦራቶሪው በር ላይ ነበርኩ። ለሦስት ሰዓት የጻፍኩት 66 ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ ሰረዝኩትና አጠገቡ 60 ብዬ ጻፍኩ። ጠበቅሁ። ሦስት ሲል ቆጠርኩ።

ስድሳ ስድስት።

በምላጭ ፋቅሁት። ወረቀቱ ሳሳ፣ ሊበሳ ደረሰ። 66ቱ ግን በጀርባው በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆጠርኩ፣ ስድሳ ስድስት። መጀመሪያ የነካውን ቀለም ነው የምትሰማው።

ገጹን ልቀድደው ጫፉን ያዝኩ።

ግን እሷም አብራ ብትቀደድስ?

ለቀቅሁት።

ዶክተሩ ገባ። ሁሉንም ነገርኩት። ቱምን፣ ስልኮቹን፣ ዜሮውን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል ሳልጨምር ተናገርኩ።

"ሳትቆጥር ሞላህ?" አለ። ፊቱ ደም መሰለ። "የሦስት ሳምንት ሥራ ነው ያበላሸህብኝ!"

"ያባሩኝ። ያሳስሩኝ። ብቻ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሳህኗ ውስጥ ምንም እንዳይጨምሩ። እግርዎ ላይ ልውደቅ?"

ወደቅሁ።

"ተነሣ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አልጨምርም። ቁጥርህ የማይረባ ስለሆነ ጥናቱም የለም። አሥር ሰዓት ላይ አብረን እናያታለን። ትመታለች። ያኔ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።"

ትንሽ ተነፈስኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ግን ቆጠርኩ። መዝገቡ 57 ይላል። እሷም ሃምሳ ሰባት።

ዶክተሩ ምሳ ሲሄድ አንድ ነገር መጣልኝ። የተጻፈውን መፋቅ ካልቻልኩ፣ ያልተጻፈውን ልጻፈዋ! ከዜሮው በኋላ ያለው ገጽ ነጭ ነው። ስክሪብቶውን አነሣሁ።

መጀመሪያ ከአርብ ሥር በእጄ መስመር አሰመርኩ። "ቅዳሜ" ልጽፍ ስል ስክሪብቶው ደረቀ። መዳፌ ላይ ሞከርኩት፣ ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ አይጽፍም። ሌላ አመጣሁ። እሱም መዳፌ ላይ ይጽፋል፣ እዚያ መስመር ላይ እምቢ ይላል።

ፎርሙ ላይ ቅዳሜ የለም።

ገጹን ገለጥኩ። ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። ጻፍኩ፦ 60።

እሺ አለ። ቀለሙ ፈሰሰ።

ስድስት ሰዓት፣ 60። አሥር ሰዓት፣ 60። ማክሰኞ፣ 60። አሁን ማቆም አቃተኝ። አንድ ሳምንት ብጽፍላት አንድ ሳምንት ትኖራለች። አንድ ወር ብጽፍላት አንድ ወር። እጄ እስኪደነዝዝ፣ እያለቀስኩ፣ የቀሩትን አርባ ሰባት ገጾች እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ሞላሁ። ሰባት መቶ አምስት ጊዜ ስድሳ።

ዶክተሩ ተመልሶ ከኋላዬ ቆሟል።

"ምንድን ነው የምትሞላው?"

"ዕድሜ።"

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰይፈዲን የምሥራችን በባጃጁ አመጣልኝ። በዝናብ የታጠበ ግቢ፣ ፀሐይ ወጥታለች። ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ዶክተሩ ከውስጥ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሏል። እኔ አንጓዋን ያዝኩ።

"እንደ ሙሽራ እጄን የያዝከኝ ለምንድን ነው?"

"ዝም ብለሽ ተቀመጪ።"

"ኪስህ ውስጥ እንቁራሪት ካለ አሁኑኑ ንገረኝ። ልቤ አይችልም።"

"የለም እትዬ።"

"ታዲያ ፊትህ ምን ሆነ?" እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። ጣቶቿ ቡና ቡና ይሸታሉ። "ትኩሳት አለህ እንዴ?"

ዘጠኝ ከሃምሳ አምስት።

"ዶክተር..." አልኩ በሹክሹክታ።

"ትመታለች። ሃምሳ ስምንት አካባቢ። ምንም አልነካሁም። እጄን ተመልከት፣ ባዶ ነው።"

ዘጠኝ ከሃምሳ ስምንት።

"ዶክተር..."

"ትመታለች።"

ጣቴ ሥር የእህቴ ደም ቱክ ቱክ ይላል። ውጭ ልጆቹ ጎል ገብቶ ይጮሃሉ።

"አሞጼ፣ ስትመጣ ሳሙና ግዛ። ትናንትም ነግሬህ ረስ—"

አልጨረሰችውም።

ጣቴ ሥር ያለው ነገር ጠፋ። አልደከመም። አልተቆራረጠም። መብራት ሲሄድ እንደሚሆነው ነው።

ከመስኮቱ ውስጥ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ የዶክተሩ ድምፅ መጣ።

"አሞጽ... ቆመች።"

"አውቃለሁ" አልኩ።

ዶክተሩ በመስኮቱ ዘሎ ወጣ። መሬት ላይ አስተኝቶ ደረቷን ተጫነ፣ አፏ ላይ ተነፈሰ። ላቡ ፊቷ ላይ ይንጠባጠባል። ሰይፈዲን ባጃጁን እንደ እብድ ነዳው። ሆስፒታልም ብዙ ደከሙላት። ለሁሉም ሰው ልቧ ታማሚ ነበር። ለሁሉም ሰው ነገሩ ግልጽ ነው።

ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዘኝ።

"ሳህኗን እንዳይጥሏት" አልኩት። "እስከ ሰኞ። ሦስት ሰዓት ድረስ ብቻ።"

እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። እህቴ እስከ ሰኞ ሦስት ሰዓት እንዳትቀበር ማድረግ።

አመሻሹ ላይ ድንኳን ተተከለ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ባየ አጠገቤ ተቀመጡ። "ነገ ዘጠኝ ሰዓት ቀብር ይሁን" አሉ።

"ሰኞ ይሁን ጋሽ ባየ።"

"ሰኞ? ለምን?"

"ሰኞ ትነሣለች።"

አንዲት ሴት "ወይኔ፣ ልጁ አበደ" አለች።

ጋሽ ባየ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። "አንተ ልጅ። ባለፈው ዓመት ያልሞተ ሰው ሞተ ብለህ የእድሩን ጡሩምባ አስነፍተሃል። ይቅር ብለንሃል። ዛሬ ግን... በእህትህ?"

እውነቱን ተናግሬ ላስጠብቃቸው እንደማልችል ገባኝ። ውሸት ግን እችላለሁ።

"ከፈለኝ እየመጣ ነው" አልኩ። "ከጁባ። ሰኞ ይገባል። ሳያያት አትቅበሯት።"

ሰይፈዲንን ከኪዮስኩ ጀርባ ወስጄ ለመንኩት። እሱ ዋሽቶ አያውቅም። እናቱ በቀበቶ አሳድጋዋለች።

"እኔ? የሞተ ሰው ላይ?"

"አልሞተችም።"

"አሞጽ..."

"ሰይፉ፣ አንዴ ብቻ። በኋላ ብትፈልግ ሁለተኛ አታናግረኝ።"

ደወለ። እያለቀሰ ከፈለኝ ነኝ አለ። እያለቀሰ ስለነበር ድምፁ አላስታወቀበትም። ጋሽ ባየ ስልኬን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ መለሱልኝ።

ጠበቁ።

ቅዳሜ አለፈ። እሑድ አለፈ።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ጀምሮ አጠገቧ ነበርኩ። ዝናብ ሲጥል አድሯል። ጀርባዬ ርሷል። ጉልበቴ ጭቃ ነው። እጄን ከላይዋ አድርጌ እጠብቃለሁ።

ሁለት ሰዓት።

ሁለት ተኩል።

"እትዬ" እላታለሁ፣ "ትንሽ ነው የቀረሽ።"

ሦስት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ...

ስልኬ ጮኸ። ዶክተሩ ነው።

አነሣሁት። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል።

"ዶክተር?"

"አሞጽ..." ሹክሹክታ ነው። "ማንም አልነካትም። ሦስት ቀን ቆማለች። ቀለሟ ጠቁሯል። አሁን..."

"አሁን ምን?"

"ጀመረች።"

"ስንት?"

ሲቆጥር ሰማሁት። በጥርሶቹ መሐል። ደቂቃዋ ዓመት ሆነች።

"ስድሳ።"

ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ ሰማሁ።

ከሬሳ ሳጥኑ ውስጥ።

ኳ።

...

ኳ ኳ።

ጮህኩ። "ክፈቱ! ክፈቱላት!" በጥፍሬ መቧጨር ጀመርኩ። ሰዎች ሮጠው መጡ። ሁለቱ በብብቴ ሥር ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። ጋሽ ባየ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። "በሞት አይቀለድም ልጄ" ይላሉ። "በሞት አይቀለድም። ይበቃሃል።"

"ስሙ! ዝም በሉና ስሙ!"

ማንም ዝም አላለም። ሁሉም በእኔ ላይ ያለቅስ ነበር።

የእህቴ ልብ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይመታል። እስከ ዛሬ። ስድሳ። ስድሳ አንድ ሆኖ አያውቅም፣ ሃምሳ ዘጠኝም ሆኖ አያውቅም። ዶክተሩ ሥራውን ትቶ ከዚያ ግቢ አልወጣም። በየሰኞው ሦስት ሰዓት ይደውልልኛል። ሰላም አይለኝም። "ስድሳ" ይልና ይዘጋል።

እኔም መጻፍ ትቻለሁ። የምጽፍበት ባዶ መስመር የለኝም። ሁሉንም ሞልቼዋለሁ። የሞላሁት ደግሞ አይፋቅም።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። ብዙ ዋሽቼ አድጌያለሁ፤ በዚህ ላይ ግን ውሸት እንዲኖርበት አልፈልግም። ስለዚህ ልናዘዝ።

ከነገርኳችሁ ሁሉ የፈጠርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት።

ጠበቁ ያልኳችሁ...

አልጠበቁም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበሯት።

ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ስልኩም፣ ስድሳውም፣ ኳኳታውም። ሁለት ጊዜ አካፋ ይዤ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያዙኝ። አሁን "ቆፍር" ቢሉኝ እንኳ... ክዳኑን ማንሣት አልችልም።

መዝገቡ ሊያልቅ ገና ሠላሳ አንድ ሳምንት ይቀረዋል።

ዛሬ ጠዋት መቃብሯ ጋ ሄጄ ነበር። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም። አፈሩ መሐል ላይ ሰርጎ ትንሽ ውኃ ቋጥሯል።

ውኃው ክብ ሠርቶ ይንቀጠቀጣል። ይረጋል። እንደገና ክብ ይሠራል።

ስልኬን አውጥቼ አንድ ደቂቃ ያዝኩና መቁጠር ጀመርኩ...